ኦድሪ ሄፕበርን ከፊልም ውጪ፦ ከአርነም የረኀብ ክረምት እስከ መቀሌ

ዓለም ኦድሪ ሄፕበርንን የሚያስታውሳት በጥቁር ቀሚሷ፣ በዕንቍ ሐብሏና በትልልቅ ዓይኖቿ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሆሊዉድ ስማቸው ከገነነ ተዋንያን አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ከስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ፣ በመሪ ተዋናይነት ሳታቋርጥ የሠራችው ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በጦርነት መካከል ያደገች ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥራዋን በፈቃዷ ትታ ልጆቿን አሳደገች፤ በመጨረሻም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ የዩኒሴፍ፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች። በዚህ ኀላፊነት የመጀመሪያውን የመስክ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነበር።

የልጅነት ረኀቧ፣ ለቤተሰብ የነበራት ጥልቅ ናፍቆትና የኋላ ዘመን አገልግሎቷ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ትውልድና ቤተሰብ

ኦድሪ ሄፕበርን የተወለደችው ሜይ 4 ቀን 1929 በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ፣ ኢክሴል በሚባለው ክፍል ነው። እናቷ ኤላ ቫን ሄምስትራ ከኔዘርላንድ ባላባቶች ወገን የምትወለድ፣ ባሮነስ የሚል ማዕርግ ያላት ሴት ነበረች። የእናቷ አባት አርኑድ ቫን ሄምስትራ የአርነም ከተማ ከንቲባ፣ ኋላም በደቡብ አሜሪካ የኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሱሪናም አገረ ገዥ ነበሩ። አባቷ ጆሴፍ ረስተን የብሪታንያ ዜጋ ነበር። ኦድሪ ከእናቷ የመጀመሪያ ጋብቻ የተወለዱ አሌክሳንደርና ኢያን የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሯት።

አባቷ በ1935 ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። ኦድሪ ያኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ መለየት በሕይወቷ ከደረሰባት ሁሉ የከፋው ቍስል እንደነበር ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ደጋግማ ተናግራለች። ወላጆቿ በ1930ዎቹ የብሪታንያን የፋሺስቶች ንቅናቄ ይደግፉ ነበር። እናቷ የጀርመንን ወረራ በአገሯ ላይ ካየች በኋላ ከዚያ አቋም ርቃለች፤ አባቷ ግን የጦርነቱን ዘመን በብሪታንያ በእስር አሳለፈ። ኦድሪ ስለዚህ የቤተሰቧ ታሪክ በአደባባይ መናገር አትወድም ነበር።

ከብዙ ዓመታት መለያየት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ በቀይ መስቀል አማካይነት አባቷን በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን አገኘችው። ስትናፍቀው የኖረችውን የአባት ፍቅር ባታገኝበትም፣ በ1980 እስኪሞት ድረስ በገንዘብ ከመርዳት አላቋረጠችም።

የረኀቡ ክረምት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ኦድሪ በእንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት አዳሪ ተማሪ ነበረች። ኔዘርላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ ሆነችው ሁሉ ገለልተኛ ሆና ትቀራለች ብላ ተስፋ ያደረገችው እናቷ ልጇን ወደ አርነም ወሰደቻት። ተስፋው አልሠመረም። ጀርመን በሜይ 1940 ኔዘርላንድን ወረረች። የእንግሊዝኛ ስም መያዝ አደጋ ስለነበረው ኦድሪ በጦርነቱ ዘመን ኤዳ ቫን ሄምስትራ ተብላ ትጠራ ነበር።

ወረራው ወደ ቤታቸው የገባው ብዙ ሳይቆይ ነው። የአክስቷ ባል ኦቶ ቫን ሊምቡርግ ስቲሩም በኦገስት 1942፣ አርበኞች ለፈጸሙት ጥቃት መበቀያ እንዲሆን፣ ከሌሎች ታጋቾች ጋር ተረሸነ። ወንድሟ ኢያን በግዳጅ ለሥራ ወደ በርሊን ተወሰደ፤ አሌክሳንደር ደግሞ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርስበት ተሸሸገ። በባቡር ጣቢያ አይሁድ ቤተሰቦች ከነሕፃናቶቻቸው በከብት መጫኛ ፉርጎ ሲታጨቁ ማየቷን ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

ኦድሪ በነዚያ ዓመታት በአርነም የባሌ ዳንስ ትማር ነበር። መስኮቶች በጨርቅ በተሸፈኑባቸው ቤቶች ውስጥ በድብቅ በሚዘጋጁ ምሽቶች እየደነሰች፣ ለአርበኞች የሚውል ገንዘብ ሲሰበሰብ ተሳትፋለች። ድምፅ ወደ ውጪ እንዳይሰማ ተመልካቹ አያጨበጭብም ነበር።

በሴፕቴምበር 1944 የኅብር ጦር አርነምን ለመያዝ ያደረገው ዘመቻ ከሸፈ። የኔዘርላንድ የባቡር ሠራተኞች የኅብር ጦሩን ለማገዝ ሥራ በማቆማቸው ጀርመኖች በአጸፋው ምግብ እንዳይጓጓዝ አገዱ። በዚያ ክረምት 20 ሺህ ያህል የኔዘርላንድ ሰዎች በረኀብና ረኀብ ባስከተለው በሽታ እንዳለቁ ይገመታል። በአርነም አቅራቢያ በምትገኘው በቬልፕ ትኖር የነበረችው ኦድሪና ቤተሰቧ የቱሊፕ አበባ ሥርና ሳማ እስከ መብላት ደረሱ። በደም ማነስ ተጐዳች፤ በቢጫ በሽታ ታመመች፤ እግሮቿም አበጡ። ነፃነት በኤፕሪል 1945 ሲመጣ ዐሥራ ስድስተኛ ዓመቷን ልትደፍን የቀራት ጥቂት ሳምንት ነበር።

ከጦርነቱ ማግሥት የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ምግብና ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። የረጋ ወተትና ስኳር ያለ ልክ ተመግባ ሆዷን እንደ ታመመች ከጊዜ በኋላ ፈገግ እያለች ታወጋ ነበር። ዩኒሴፍ የተመሠረተው በ1946 መጨረሻ፣ ከጦርነቱ የተረፉ ሕፃናትን ለመርዳት ነው። ኦድሪ አምባሳደር ስትሆን፣ ከረኀብ በኋላ ርዳታ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ከራሷ ሕይወት እንደምታውቅ በተናገረች ቍጥር የምታስታውሰው ያን ጊዜ ነው።

ከዳንስ ወደ ፊልም

በ1948 ወደ ለንደን ሄዳ በማሪ ራምበርት የባሌ ትምህርት ቤት ተማረች። ቁመቷ መርዘሙና ሰውነቷ በረኀቡ ዘመን መጐዳቱ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ባለሪና ከመሆን እንደሚያግዷት ተነገራት። ስለዚህ ለእንጀራዋ በሙዚቃ ትርኢቶችና በትንንሽ የፊልም ሚናዎች መሥራት ጀመረች። በ1951 ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት አይታ ከድርሰቷ በተወሰደው «ጂጂ» በተባለው ተውኔት፣ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ እንድትጫወት መረጠቻት። በ1953 የታየው «ሮማን ሆሊዴይ» የተሰኘው ፊልም የኦስካር ሽልማት አስገኘላት። በ1954 ደግሞ በመድረክ ሥራዋ የቶኒ ሽልማት ተቀበለች።

አንድ ሚና ግን አልቀበልም አለች። የአን ፍራንክ የማስታወሻ ደብተር ወደ ፊልም ሲቀየር አንን ሆና እንድትጫወት ተጠይቃ ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በአንድ አገር በአንድ ወረራ ሥር ያለፉ ልጆች ናቸው። ኦድሪ ደብተሩን ስታነብ የራሷን ሕይወት እንዳገኘችበትና ያንን እንደገና መኖር እንደማትችል ገልጻለች። በ1990 ግን ለዩኒሴፍ ገቢ በተዘጋጁ የሙዚቃ ድግሶች ላይ ከዚያው ደብተር የተመረጡ ክፍሎችን አንብባለች። ለፊልም የማይሆነው ለሕፃናቱ ሲሆን ተቻለ።

ትዳርና ልጆች

ኦድሪ ከተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ሜል ፌረር ጋር በሴፕቴምበር 1954 በስዊትዘርላንድ ተጋባች። ልጅ መውለድን ከምንም በላይ ትመኝ የነበረች ሴት ናት፤ ሆኖም ጽንስ በተደጋጋሚ ጨነገፈባት። በ1959 በሜክሲኮ ፊልም ስትሠራ ከፈረስ ወድቃ አከርካሪዋ ተጐዳ፤ በዚያው ዓመት የፀነሰችውም ጽንስ ወረደ። በመጨረሻ በጁላይ 1960 የመጀመሪያ ልጇ ሾን ተወለደ።

በ1967 «ዌይት አንቲል ዳርክ» የተሰኘው ፊልም ለእይታ ሲበቃ ዝናዋ ገና አልቀነሰም ነበር። እርሷ ግን ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት ያህል ከካሜራ ራቀች። ከፌረር ጋር በ1968 ተፋታች። በጃንዋሪ 1969 ጣሊያናዊውን የሥነ አእምሮ ሐኪም አንድሪያ ዶቲን አገባች፤ ሁለተኛ ልጇ ሉካም በፌብሩዋሪ 1970 ተወለደ። በሮም ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ገበያ የምትወጣ የቤት እመቤት ሆና ትኖር ነበር። ልጆቹ እናታቸው የዓለም ዝነኛ መሆኗን የተረዱት አድገው እንደሆነ ተናግረዋል። ቤት መቀመጧን ሰዎች እንደ መሥዋዕትነት ሲያወሱት አትስማማም፤ የፈለገችው እርሱን እንደሆነና ከልጆቿ መለየት እንደሚከብዳት ትመልስ ነበር።

ይህም ጋብቻ አልጸናም፤ በ1982 በፍቺ ተቋጨ። ከ1980 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ የሕይወት አጋሯ የነበረው የኔዘርላንድ ተወላጁ ተዋናይ ሮበርት ወልደርስ ነው። እርሱም በልጅነቱ የዚያ የረኀብ ክረምት ተካፋይ ነበር። በሕግ አልተጋቡም፤ ሆኖም በዩኒሴፍ ጉዞዎቿ ሁሉ ከጐኗ አልተለየም።

በቶሎሼና የነበረው ኑሮ

በ1960ዎቹ አጋማሽ በስዊትዘርላንድ፣ በሌማን ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኘው በቶሎሼና መንደር አንድ ጥንታዊ የገጠር ቤት ገዛች። ቤቱ «ላ ፔዚብል» ይባላል፤ ሰላማዊት እንደ ማለት ነው። ለፎቶግራፍ አንሺዎች ግርግር ከሆሊዉድ የራቀች ይህች መንደር እስከ መጨረሻው መኖሪያዋ ሆነች። ፍራፍሬና ጐመን፣ ጽጌረዳና ሌላም አበባ ታለማ ነበር። ውሾች ትወድዳለች፤ በተለይ ጃክ ራስል የሚባሉት ትንንሽ ውሾች ከእግሯ ሥር አይለዩም ነበር። በምግብ ረገድ የምትወድደው የጣሊያን ፓስታ በቲማቲም ስጎ ነው። ልጇ ሉካ ዶቲ በ2015 ያሳተመው መጽሐፍ የእናቱን ሕይወት በወጥ ቤቷና በምግብ አዘገጃጀቷ በኩል ይተርካል።

ለአትክልት የነበራት ፍቅር የመጨረሻዎቹን የቴሌቪዥን ሥራዎቿን አስገኝቷል። በ1990 በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ታዋቂ የአትክልት ሥፍራዎችን እየተዘዋወረች የምታስጎበኝበት ተከታታይ ዝግጅት ተቀረጸ። ከሞተች በኋላ ይኸው ሥራ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዘመን አንድ የኔዘርላንድ ቱሊፕ በስሟ ተሰየመ። ከዓመታት በፊት ሥሩን ተመግባ ከረኀብ ያመለጠችበት አበባ ነው።

ከጓደኞቿ መካከል የረጅም ዘመን ወዳጇ የፋሽን ጠቢቡ ኡቤር ዴ ዢቫንሺ ነበር። በ1953 ለ«ሳብሪና» ፊልም ልብስ ፍለጋ ፓሪስ ስትሄድ፣ «ሚስ ሄፕበርን» ትመጣለች የተባለው ዢቫንሺ ይጠብቅ የነበረው ታላቋን ተዋናይ ካትሪን ሄፕበርንን ነው። በዚያ አለመግባባት የጀመረው ወዳጅነት አርባ ዓመት ዘለቀ።

ወደ ዩኒሴፍ ሥራ

በኦክቶበር 1987 በማካው በተካሄደ፣ ገቢው ለዩኒሴፍ በሚውል የሙዚቃ ድግስ ላይ ንግግር አደረገች። የስሟ መስብሕነት ለሕፃናት ገንዘብና ትኩረት ሊያመጣ እንደሚችል በዚያ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና ተሾመች። ክፍያዋ ለስሙ ያህል በዓመት አንድ ዶላር ነበር።

ዝነኞች በችግረኞች መካከል ሲታዩ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ የተጐዳው ሕፃን ምስል ለማን ይጠቅማል? ኦድሪ ይህን ጥያቄ ታውቀው ነበር። ከጉዞ በፊት ስለ አገሩ የተጻፉ ሰነዶችን ታነባለች፤ ከባለሙያዎች ትጠይቃለች። ስትመለስም በተከታታይ መግለጫ ትሰጣለች። ጋዜጠኞች ስለ ፊልም ሲጠይቋት በትሕትና ትመልስና ወሬውን ወደ ክትባት፣ ወደ ንጹሕ ውኃና ወደ እህል ትመልሰው ነበር። ዝናዋ ይህን ያህል ዓመት የቈየው ለምን እንደሆነ አሁን እንደገባት ትናገራለች፤ ለሕፃናቱ እንድትጠቀምበት ነው።

መቀሌ፣ መጋቢት 1980 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ጉዞ በማርች 1988፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም.፣ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ ምስሎች ዓለምን ካስደነገጡና ታላላቅ የርዳታ ኮንሰርቶች ከተካሄዱ ሦስት ዓመት አልፏል። በትግራይ፣ በኤርትራና በወሎ ዝናብ ዳግም ቀርቶ ነበር። በደርግ መንግሥትና በሰሜን ነፍጥ ባነሡት ግንባሮች መካከል የሚካሄደው ጦርነትም እህል በመንገድ እንዳይደርስ ያውክ ነበር። የለጋሽ አገሮች ሕዝብ ግን ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ መስማት የሰለቸው ይመስል ነበር። ለዩኒሴፍ የታዋቂ ሰው ድምፅ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦድሪ በመቀሌ አምስት መቶ ያህል የተራቡ ሕፃናት የሚኖሩበትን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ጐበኘች፤ ዩኒሴፍ ምግብ እንዲልክም አደረገች። ምግብ ፍለጋ ቀናትና ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው በረሓ ላይ የሰፈሩ እናቶችን ከነልጆቻቸው አየች፤ ያ ምስል ከአእምሮዋ እንዳልወጣ ተናግራለች። በጉዞው አብሯት የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አይዛክ፣ ዝንብ የወረራቸውን ሕፃናት ሳታመነታ ታቅፋቸው እንደነበር ያስታውሳል።

ከኢትዮጵያ ይዛው የተመለሰችው መልእክት ኀዘን ብቻ አልነበረም። የሕዝቡን ክብርና ትዕግሥት ደጋግማ አንሥታለች። ከምጽዋት ይልቅ ውኃ የሚያወጣበትና መሬቱን የሚያለማበት መሣሪያ እንዲሰጠው ጠይቃለች። «ሦስተኛው ዓለም» የሚለውን አጠራር እንደማትወድደው፣ ዓለም አንድ እንደሆነች የገለጸችውም በዚያ ጊዜ ነው።

ጉብኝት ጦርነትን አያቆምም። እርሷ ከተመለሰች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኤፕሪል 1988፣ የደርግ መንግሥት የውጭ አገር የርዳታ ሠራተኞች ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ አዘዘ። ርኅራኄ እህል ሊያስገኝ ቢችልም፣ እህሉ እንዲያልፍ የሚፈቅዱት መሣሪያ የያዙ ኀይሎች መሆናቸውን ኦድሪ በመጀመሪያው ጉዞዋ ተማረች። ከዚያ በኋላ ባደረገቻቸው ንግግሮች ረኀብ የዝናብ እጦት ብቻ ሳይሆን የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ማሳሰብ ጀመረች።

ከኢትዮጵያ እስከ ሶማሊያ

በዚያው ዓመት በቱርክ የክትባት ዘመቻን፣ በቬኔዝዌላና በኤኳዶር ደግሞ የዩኒሴፍን ፕሮጀክቶች ጐበኘች። በ1989 ወደ ሆንዱራስ፣ ኤልሳልቫዶርና ጓቲማላ ተጓዘች። በኤፕሪል 1989 ወደ ሱዳን ሄደች፤ በእርስ በርስ ጦርነት ለተቈረጠው የደቡቡ ሕዝብ ተፋላሚዎቹ ተስማምተው እህል የሚያልፍበት «ኦፕሬሽን ላይፍላይን ሱዳን» የተባለው ሥራ ተጀምሮ ነበር። በኢትዮጵያ ያልተሳካው መተላለፊያ በሱዳን ቢያንስ ለጊዜው ተከፈተ። በዚያው ዓመት ባንግላዴሽን፣ በ1990 ቬትናምን ጐበኘች፤ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባም ስለ ተራቡ ሕፃናት ምስክርነቷን ሰጠች። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ደችና ጣሊያንኛ መናገሯ በየአገሩ ላሉ ጋዜጠኞች ያለ አስተርጓሚ እንድትመልስ አስችሏታል።

የመጨረሻው ጉዞዋ በሴፕቴምበር 1992 ወደ ሶማሊያ ነበር። አገሪቱ መንግሥት ካጣች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከናይሮቢ ተነሥታ ወደ ኪስማዮ ስትበር ከአውሮፕላኑ መስኮት ያየችው በቀዩ አፈር ላይ እዚህም እዚያም የተቈለሉ መቃብሮችን ነው። ስትመለስ ቀደም ሲል ያየችው ሁሉ ለዚህ እንዳላዘጋጃት ተናገረች።

ከጉዞው በኋላ የሆድ ሕመም በረታባት። በኖቬምበር መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ከትርፍ አንጀት የተነሣ ካንሰር ተገኘ። የመጨረሻውን የገና በዓል በቤቷ ለማክበር ስትሻ፣ በመደበኛ አውሮፕላን መጓዝ ስላልቻለች ዢቫንሺ የግል አውሮፕላን አመቻቸላት። በዓሉን ከልጆቿ ጋር በቶሎሼና አከበረች፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 በዚያው በቤቷ ዐረፈች። የቀብር ሥነ ሥርዓቷን የመሩት የመጀመሪያ ጋብቻዋን የባረኩትና ልጇን ሾንን ያጠመቁት ቄስ ሲሆኑ፣ መቃብሯም በመንደሯ ይገኛል።

ከእርሷ በኋላ

በዲሴምበር 1992 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው ቡሽ የነፃነት ሜዳይ ሰጥተዋት ነበር። የኦስካር አካዳሚ ለሰብአዊ አገልግሎት የሚሰጠውን የጂን ኸርሾልት ሽልማት ግን ለመቀበል አልደረሰችም፤ በማርች 1993 ልጇ ሾን ተቀበለላት። ለሕፃናት ተረት ያነበበችበት ቅጂ ከሞተች በኋላ በ1994 የግራሚ ሽልማት አገኘ። በዚህም ኦስካር፣ ቶኒ፣ ኤሚና ግራሚን አሟልተው ከተቀበሉ ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆነች። ልጆቿና ሮበርት ወልደርስ በ1994 በስሟ የሕፃናት መርጃ ፈንድ አቋቋሙ፤ በ2002 ደግሞ በኒው ዮርክ የዩኒሴፍ ዋና መሥሪያ ቤት መታሰቢያ ሐውልት ቆመ።

ለ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ፊልም ዢቫንሺ ያዘጋጀው ጥቁር ቀሚስ በዲሴምበር 2006 በለንደን በጨረታ 467,200 ፓውንድ ተሸጠ። ዢቫንሺ ቀሚሱን የሰጠው በሕንድ ለድኾች ለሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበርና፣ ገንዘቡ የዋለው ለዚያው ሥራ ነው።